ጌሙ ሲቀየር ፕሮፌሽናሎቹ ምን ይሆናሉ?

ደሴ ፒያሳ ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች አንዱ ጋ ጎራ ያለ ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማ አይወጣም። አንዱ "አዲሱ ፊፋ ውሃ ነው፣ የድሮው ይሻል ነበር" ይላል። ሌላው "እሺ፣ ታዲያ እነዚያ በዶላር የሚጫወቱት ለምን በድሮው አይጫወቱም?" ብሎ ያፋጥጠዋል። ከዚያ በኋላ ጩኸት ነው። ተሸናፊ ከፋይ ስለሆነ፣ ተራ ጠባቂውም ስለሚያፈጥ፣ ክርክሩ ሳይቋጭ ይቀራል።

ጥያቄው ግን ቁም ነገር አለው። በዓለም ላይ ጌም ተጫውተው ደሞዝ የሚበሉ ሰዎች አሉ። ክለብ አላቸው፣ አሰልጣኝ አላቸው፣ ኮንትራት ይፈርማሉ። አንዱን ጌም አሥር ዓመት ተጫውተው ከጣታቸው ጋር ካዋሃዱት በኋላ አዲሱ ይወጣና "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነው" ይባላሉ። አንዳንዱ ይሻገራል። አንዳንዱ አልሄድም ብሎ እዚያው ይቀራል። ሥራውን የሚያጣም አለ። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መያዝ ያለበት የባለቤትነት ጉዳይ ነው። እግር ኳስ ባለቤት የለውም። ሆጤ ሜዳ ላይ ሰባት ለሰባት የሚጫወቱ ልጆች የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። ፊፋ የሚባለው ድርጅት ነገ ቢፈርስ እንኳ ኳሱ ይቀጥላል። ጌም እንዲህ አይደለም። ካውንተር ስትራይክ የተባለው የተኩስ ጌም የቫልቭ ኩባንያ ንብረት ነው። ስትሪት ፋይተር የተባለው የድብድብ ጌም የካፕኮም፣ ስታርክራፍት የተባለው የጦር ስልት ጌም የብሊዛርድ ነው። ትልቅ ውድድር ማዘጋጀት የፈለገ ሁሉ የባለቤቱን ፈቃድ መያዝ አለበት። ሕጉን የሚቀይረው ባለቤቱ ነው። ጌሙ በኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩም፣ ተጫዋቾቹ የሚገናኙበት ኮምፒውተር፣ የእሱ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ "ውድድሩ ከአሁን በኋላ በአዲሱ ነው" ሲል ሽልማቱ፣ ስፖንሰሩ፣ ተመልካቹ፣ የክለቡም ደሞዝ ተከታትለው ይሄዳሉ። አሮጌውን መጫወት የሚከለክልህ ላይኖር ይችላል፤ የሚከፍልህ ግን የለም።

የፒያሳው ክርክር የሚፈታው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁለቱም ልጆች ልክ ናቸው። የድሮው በእርግጥም የተሻለ ሊሆን ይችላል። ፕሮፌሽናሉም ይህን እያወቀ አዲሱን ይጫወታል፤ ገንዘቡ ስለተዛወረ።

አዛዛወሩ ግን እንደየጌሙ ይለያያል። የኳስ ጌም ተጫዋች ነገሩን ለምዶታል። በየዓመቱ መስከረም አካባቢ አዲስ ይወጣል፣ የዓምናው ይረሳል። ሳዑዲያዊው ሞሳድ አልዶሳሪ በ2018 የፊፋ ኢ-ስፖርት የዓለም ዋንጫን ሲያሸንፍ 250,000 ዶላር ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ጀርመናዊው ሞሐመድ ሃርኩስ ያንኑ ያህል ብር ሲወስድ የተጫወተው በሌላ ጌም ነበር። ስሙ ያው ፊፋ ነው፤ ፍጥነቱ፣ የኳሱ ክብደት፣ የተከላካዩ አቋቋም ግን ሌላ ነው። በዚህ ዘርፍ የሚኖር ሰው በዓመት አንዴ ራሱን እንደ አዲስ መፈተን የሥራው አካል ነው።

እነሱንም ያስደነገጠ ነገር ግን መጥቶ ያውቃል። በ2022 ኢኤ የተባለው ኩባንያና ፊፋ ተለያዩ። ፊፋ 23 የመጨረሻው ሆነ። በሴፕቴምበር 2023 ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ወጣ። ደሴም ወልዲያም ሁሉም ሰው እስካሁን "ፊፋ" ነው የሚለው፤ በውስጡ ያለው ጌም በእርግጥም የቀድሞው ቀጣይ ነው። ፊፋ ራሱ ግን በ2024 ፊቱን የኢኤ ተቀናቃኝ ወደሆነው ኮናሚ አዞረና የዓለም ዋንጫውን በኢፉትቦል ላይ አደረገ። ኢፉትቦል ማለት የያኔው ፔስ ነው። አስቡት፦ ዋንጫው ራሱ ከአንዱ ተቀናቃኝ ወደ ሌላው ተሻገረ። ለዓመታት በኢኤ ጌም የሠለጠነ ልጅ "የዓለም ሻምፒዮን" መባል ቢያምረው መማር ያለበት የጎረቤቱን ጌም ሆነ።

ኮናሚም ቢሆን ሽግግሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ2021 ፔስን ትቶ ኢፉትቦልን በነፃ ሲለቅ ሥራው ገና ያላለቀ ነበር። የተጫዋቾቹ ፊት እየተጣመመ፣ ኳሱ በሰው ውስጥ እያለፈ፣ ዓለም ሳቀበት። ስቲም በተባለው የጌም ገበያ ላይ በዚያን ወቅት እጅግ መጥፎ ግምገማ ከተሰጣቸው ጌሞች ተርታ ገባ። ኩባንያው በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። የወሎ ፕሌይስቴሽን ቤቶች የድሮ ፔስ ሲዲያቸውን ሳይጥሉ መቆየታቸው ያኔ ብልህነት መሰለ።

የድብድብ ጌሞች አካሄድ ሌላ ነው። አዲስ የሚወጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስትሪት ፋይተር 5 በ2016 ወጣ፣ ስትሪት ፋይተር 6 ደግሞ በ2023። አሮጌው አይጠፋም፤ የገዛው ሰው መጫወት ይችላል። ግን ካፕኮም በአዲሱ ያዘጋጀው የመጀመሪያው ካፕኮም ካፕ ለአሸናፊው 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በ2024 መጀመሪያ ኡማ የተባለ የታይዋን ተጫዋች ወሰደው። ከዚህ በኋላ "በአምስተኛው እቀራለሁ" የሚል ፕሮፌሽናል ብታገኙ ንገሩኝ።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም ይከብዳል። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ቦታ ይለቃል። ሴፕቴምበር 27 ቀን 2023 ቫልቭ ካውንተር ስትራይክ 2ን ሲለቅ ከ2012 ጀምሮ የነበረው የካውንተር ስትራይክ ዕትም፣ ሲኤስ ጎ፣ እዚያው ቦታ ላይ ተተካ። ተጫዋቾችን የሚያገናኘው አገልግሎት ወደ አዲሱ ዞረ። ኦቨርዋች 2 የተባለው የተኩስ ጌም በኦክቶበር 2022 ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ኦቨርዋች ሰርቨር ጭራሹኑ ተዘጋ። እዚህ ጋ "እዚያው ልቅር" የሚባል ነገር የለም። የምትቀርበት ቤት የለማ!

አሁን ወደ ተጫዋቹ ጣት እንምጣ። በሐረጎ ጠመዝማዛ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለዓመታት የወረደ ሹፌር መኪና ቢቀየርለት መንገዱን አይረሳም። የት ጋ ማርሽ እንደሚቀንስ፣ ከየትኛው ኩርባ ጀርባ ከባድ መኪና ብቅ እንደሚል ያውቃል። እግሩ የሚያውቀው ግን የድሮውን ፍሬን ነው። የፕሮፌሽናል ተጫዋች ችሎታም እንዲሁ ለሁለት ይከፈላል። ተቃራኒው ምን እንደሚያስብ መገመት፣ ከቡድን ጓደኛ ጋር መናበብ፣ ሺህ ሰው እየጮኸ መረጋጋት፣ ይህ ሁሉ መንገዱ ነው፤ ወደ አዲሱ ጌም ይዞት ይሻገራል። የጣት ልምድ፣ የተሸመደደ ቦታ፣ በሰከንድ ክፋይ የተለካ ጊዜ ግን ፍሬኑ ነው። እሱን እንደ አዲስ መማር አለበት።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ፤ የካውንተር ስትራይክ ጭስ። ጌሙ አምስት ለአምስት ነው። አንዱ ቡድን ቦምብ ለማጥመድ ይመጣል፣ ሌላው ይከላከላል። አጥቂዎቹ በር ላይ ጭስ ይወረውራሉ፤ ተከላካዩ እንዳያያቸው። በሲኤስ ጎ ያ ጭስ አንዴ ከተዘረጋ እንደ ግድግዳ ነበር። በራሱ ጊዜ እስኪበተን ድረስ ከጀርባው ያለው ሰው አይታይም። ፕሮፌሽናሎች ታዲያ ዓመታት ያጠፉት እሱን በመሸምደድ ነው፦ ከየትኛው ጥግ ቆመህ፣ የትኛውን የጣሪያ ጫፍ አነጣጥረህ፣ ዘለህ ወይስ ቆመህ ስትወረውር ጭሱ የትኛው በር ላይ ያርፋል? አንድ ቡድን እንዲህ ያለ አወራወር ለእያንዳንዱ ካርታ በደርዘን ይይዛል።

በካውንተር ስትራይክ 2 ጭሱ እንደ እውነተኛ ጭስ ቦታውን ይሞላል። ጥይት ሲያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ ይከፈታል። የእጅ ቦምብ ሲፈነዳበት ለአፍታ ተገልጦ መልሶ ይሞላል። ያቺ አፍታ ትንሽ ትመስላለች። ግን ከጭሱ ጀርባ ቆሞ "አሁን አንድም ሰው አያየኝም" ይል የነበረ ተከላካይ በዚያች አፍታ ይገደላል። አጥቂውም ጭሱን ወርውሮ በእርጋታ ቦምብ ማጥመድ አይችልም፤ ሌላው ሰው አንድ የእጅ ቦምብ ቆጥቦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የተለወጠው ምስሉ ብቻ አይደለም። የትኛውን ዕቃ መቼ እንደምትገዛ፣ የት እንደምትቆም፣ ማንን ቀድመህ እንደምትልክ፣ ሁሉም ተናግቷል።

በዚያ ላይ የዙሩ ብዛት ተቀነሰ። በሲኤስ ጎ ግማሹ 15 ዙር ነበር፤ 16 የሞላ ያሸንፋል። በአዲሱ 12 ሆነ፤ 13 የሞላ ያሸንፋል። በእያንዳንዱ ግማሽ መጀመሪያ ሁሉም በሽጉጥ ብቻ የሚጫወትባት ዙር አለች። ድሮ ከ30 ሁለት ነበረች፣ አሁን ከ24 ሁለት ናት። ያቺን ዙር መሸነፍ ከባድ ሆነ፣ ከኋላ ተነስቶ ማሸነፊያውም ጊዜ አጠረ። ግራኝ ተጫዋቾችን የሚመለከት አንድ ጉድም ልጨምር። መሣሪያውን በግራ እጅ አድርጎ ማየት በድሮው ይቻል ነበር፤ አዲሱ ሲወጣ ጠፋ፣ የተመለሰው በኤፕሪል 2024 ነው።

ውጤቱስ? ዩክሬናዊው ሲምፕል በሲኤስ ጎ ዘመን ሦስት ጊዜ የዓለም ቁጥር አንድ የተባለ ልጅ ነው። አዲሱ ሲመጣ እረፍት ወሰደ። በማርች 2024 ኮፐንሃገን ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የካውንተር ስትራይክ 2 ሜጀር (የጌሙ ትልቁ ውድድር ማለት ነው) ክለቡ ናቱስ ቪንሴሬ ዋንጫውን ያለ እሱ አነሳ። በሌላ በኩል ፈረንሳዊው ዛይዉ የመጨረሻውን የሲኤስ ጎ ሜጀር በ2023 ፓሪስ ላይ ከክለቡ ከቪታሊቲ ጋር ሆኖ በላ፣ በ2025 ደግሞ ኦስቲን ላይ በአዲሱ ጌም ደገመው። በመሃል ዶንክ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ መጣና የ2024 ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ከዚህ ተነስቶ "አዲስ ጌም ለልጆች ነው" ማለት ይቀላል። እኔ አልስማማም። ዛይዉ ልጅ አይደለም። ልዩነቱ ያለው እንደገና ጀማሪ ለመሆን ፈቃደኛ በመሆን ላይ ይመስለኛል፤ ዝና ላለው ሰው ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም።

ስለ ጊዜ ካልተነገረ የፕሮፌሽናሎቹ ምሬት አይገባም። የድብድብ ጌም በሰከንድ 60 ምስል ያሳያል። አንዱ ምስል ፍሬም ይባላል፤ ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። ስትሪት ፋይተር 5 ሲወጣ ቁልፍ ከተጫንክበት ቅጽበት አንስቶ ምቱ ስክሪን ላይ እስኪታይ 8 ፍሬም ያህል ይፈጅ ነበር። ሰው አይቶ ለመንቃት በአማካይ የሰከንድ ሩብ ያስፈልገዋል፤ 15 ፍሬም ማለት ነው። ሁለቱን ስትደምር 23 ይመጣል። እንግዲህ 20 ፍሬም የሚፈጅ ምት ሲመጣብህ አይተህ መከላከል አትችልም፤ ከመምጣቱ በፊት መገመት አለብህ። በመከላከል ስም ያወጡ አንጋፋዎች ጥርሳቸውን ነከሱ። ካፕኮም በኋላ ቁጥሩን ቀነሰው። ተመልካች ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ይህ ሁሉ አይታይም፤ "እገሌ አረጀ" ብሎ ያልፈዋል።

አንዳንዴ ደግሞ ጣትህም ጭንቅላትህም ደህና ሆኖ ወንበሩ ይጠፋል። የመጀመሪያው ኦቨርዋች ስድስት ለስድስት ነበር፦ ሁለት ጋሻ ሆነው ከፊት የሚሄዱ፣ ሁለት የሚያጠቁ፣ ሁለት የሚያክሙ። በሁለተኛው አምስት ለአምስት ሆነ፤ የተቀነሰው አንዱ ጋሻ ነው። የኦቨርዋች ሊግ በ2022 ወደ አዲሱ ሲዛወር እያንዳንዱ ቡድን በሜዳ ላይ የሚያስፈልገው ጋሻ አንድ ብቻ ሆነ። በቢሮ ውስጥ በተወሰነ አንድ ውሳኔ የዚያ ሙያ ግማሽ ወንበር ተነሳ ማለት ነው። ኮል ኦፍ ዱቲ የተባለው የተኩስ ጌምም እንዲሁ አድርጓል። በ2020 የሊግ ዓመት አምስት ለአምስት ሲጫወቱ ቆይተው ለቀጣዩ ጌም አራት ለአራት ተባለ። አምስተኛው ሰው ሻንጣውን አነሳ። በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ተነስቶ "ከመጪው ዓመት ጀምሮ ግራ ተመላላሽ የለም" ቢል አገር ይናወጣል። እዚህ ግን የዝማኔ ማስታወቂያ ይወጣል፣ አለቀ።

እንቢ ያሉስ? አሉ። ትልቁ እንቢታ የኮሪያ ነው። የመጀመሪያው ስታርክራፍት በ1998 ወጥቶ እዚያ አገር የቴሌቪዥን ስፖርት ሆነ፤ የራሱ ጣቢያ፣ የራሱ ሊግ፣ ኬስፓ የሚባል የራሱ ማኅበር ነበረው። በ2010 ስታርክራፍት 2 ሲመጣ ብሊዛርድ የሥርጭት መብቱን ለሌላ ድርጅት ሰጠ፤ የድሮውን የሚያስተላልፉትን ጣቢያዎችም ፍርድ ቤት ገተራቸው። ክሱ በ2011 በስምምነት አለቀ። የኬስፓ ተጫዋቾች ግን እስከ 2012 ድረስ ከአሮጌው አልተነቃነቁም።

ለምን እንዲህ ሙጥኝ አሉ? በአሮጌው ስታርክራፍት በአንድ ጊዜ ማዘዝ የምትችለው 12 ወታደር ብቻ ነው። አዲስ የተወለደ ሠራተኛ ሁሉ "ሂድ ቆፍር" ካልተባለ ቆሞ ያፈጣል። መቶ ወታደር ያለው ተጫዋች በደቂቃ ሦስት መቶ ጊዜ እየነካ ነው ሠራዊቱን የሚያንቀሳቅሰው። ይህ ማነቆ የጌሙ እርጅና ነበር፤ ግን የእነሱን ጥበብ የፈጠረው እሱ ነው። በሁለተኛው ሠራዊቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ መያዝ ይቻላል፣ ሠራተኛውም በራሱ ይሄዳል። ለአዲስ ሰው ቀለለ። ለአሥር ዓመት ጣቱን ለስልት ለሠዋው ግን "ያ ድካምህ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም" ተባለ።

ፍላሽ በሚል ስም የሚታወቀው ሊ ያንግ ሆ የአሮጌው ጌም ንጉሥ ነበር። ተሻገረ፣ በ2014 ቶሮንቶ ላይ አንድ ትልቅ ዋንጫም አነሳ፤ የድሮ ክብሩ ላይ ግን አልደረሰም። በ2015 መጨረሻ ጡረታ ወጣ። ከዚያስ? ወደ አሮጌው ተመለሰ! በኢንተርኔት እያስተላለፈ ይጫወት ጀመር፣ ከ2017 ጀምሮ የአሮጌውን ትልቁን ሊግ ደጋግሞ በላ። ተመልካቹም ተከትሎት ተመለሰ። ይኸው ተመልካች ካለ ብር አለ፤ ብሊዛርድ ራሱ በ2017 አሮጌውን አሳምሮ እንደገና አወጣው።

የኒንቴንዶ ስማሽ ብሮስ ሜሌ ነገር ደግሞ ከዚህም ይገርማል። በ2001 የወጣ የድብድብ ጌም ነው። በ2008 ብራውል የተባለው ቀጣዩ ሲመጣ ፈጣሪዎቹ ለሁሉም ሰው እንዲቀል ፈልገው አዘገዩት፤ ሮጥ ሲል በዕድል የሚያደናቅፍ ነገርም ጨመሩበት። በዕድል መውደቅ ለቤተሰብ ጨዋታ ያስቃል። ለሽልማት ለሚጫወት ሰው ግን ስድብ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ወደ ሜሌ ተመለሱ፤ ቀጣዮቹ ሁለት ጌሞች ከወጡ በኋላም እዚያው ናቸው። ምስሉ ሳይዘገይ እንዲመጣላቸው የድሮውን ሆደ ሰፊ ቴሌቪዥን ተሸክመው ወደ ውድድር ይሄዳሉ። በ2013 ኢቮ የተባለው ትልቅ ውድድር አንድ ተጨማሪ ጌም ለማስገባት ለጡት ካንሰር ምርምር መዋጮ የሚበልጠውን እመርጣለሁ ሲል የሜሌ ደጋፊዎች ከ94,000 ዶላር በላይ አዋጥተው አሸነፉ። ኒንቴንዶ ሥርጭቱን ሊከለክል ሞክሮ ጩኸቱ ሲበዛ ተወው።

ሜሌ እንዴት ቻለ? ሲዲው በተጫዋቹ እጅ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። ሰርቨር ዘግቶ የሚገድለው የለም። የኩባንያው ሽልማት ስለሌለ ደግሞ ኩባንያው ሊወስድባቸው የሚችለው ሽልማት የለም። ድህነቱ አዳነው ማለት ይቻላል።

ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የፓኪስታኑ አርስላን አሽ ነው። የላሆር ልጅ ነው። እዚያ ያሉት ተጫዋቾች ትልቅ ክለብ አልነበራቸውም፤ በሰፈር ጌም ቤት እርስ በርስ እየተጋጠሙ ነው የተሳሉት። ተሸናፊው ከወንበር ይነሳል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። የእኛን የፒያሳ ቤቶች አይመስልም? በ2019 በቪዛና በበረራ ጣጣ ተንገላቶ ጃፓን ገባ፣ ተከን 7 በተባለው የድብድብ ጌም የኢቮ ጃፓንን ዋንጫ በላ። በዚያው ዓመት ላስቬጋስ ላይ ዋናውን ኢቮ ደገመ። ከዚያ በፊት ዓለም ስሙን አያውቅም ነበር።

ተከን 8 በጃንዋሪ 2024 ሲመጣ ጌሙ ማጥቃትን እንዲያበረታታ ተደርጎ ተሠራ፤ ጠብቀው የሚመቱት አጉረመረሙ። አርስላን ከሚታወቅባት ካዙሚ ከተባለች ገጸ ባሕርይ ጋር እንኳ ተለያየ፤ በአዲሱ የለችም። ኒና የተባለችውን አንስቶ ተማረ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ኢቮን በአዲሱ ጌም አሸነፈ። ሰው የማንበብ ችሎታው ሳይነካ ተሻገረ።

ታዲያ አንድ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ልጅ እንደሱ ልሁን ቢል ምን ይገጥመዋል? ችሎታው ላይ ከመድረሱ በፊት ዕቃው ያቆመዋል። ተከን 8 በፒኤስ 4 አይሠራም፤ ፒኤስ 5 ወይም ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ስትሪት ፋይተር 6 በፒኤስ 4 ይሠራል። ኤፍሲ 24 እና 25ም በፒኤስ 4 ወጥተዋል፤ ግን የፒኤስ 4 ተጫዋች በኢንተርኔት ከፒኤስ 5 ተጫዋች ጋር አይገጥምም። ስሙ አንድ የሆነ ጌም በሁለት ክፍል የተለያየ ሊግ ሆነ ማለት ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 ደግሞ 85 ጊጋ ባይት ቦታ ይጠይቃል፤ አሮጌ ባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮችን ጭራሹኑ ትቷቸዋል። ግቢ የቆየ ሰው ያስታውሳል፤ ዶርም ውስጥ ላፕቶፖችን በኬብል አያይዞ ካውንተር 1.6 መጫወት ይቻል ነበር፤ ያ ጌም ኢንተርኔትም ጉልበትም አይፈልግም።

ኢንተርኔቱስ? ከደሴ እስከ ፍራንክፈርት በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ያውም ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ነው። ሦስት ፍሬም በተፈጥሮ ሕግ ብቻ አጥተሃል። መንገዱ ስለሚዞር በተግባር ከዚህ ይብሳል። እዚያው ፍራንክፈርት ከተቀመጠ ልጅ ጋር ስትገጥም እሱ ያየውን አንተ ቆይተህ ነው የምታየው። ኦገስት 2023 ላይ ደግሞ በአማራ ክልል ሞባይል ዳታ ለወራት ተቋረጠ። ካውንተር ስትራይክ 2 እና ኤፍሲ 24 የወጡት በተከታዩ ወር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ዓለም ስለ ሽግግሩ ሲጨቃጨቅ እዚህ የሠሩት በሲዲና በሃርድ ዲስክ ያሉት ጌሞች ነበሩ።

ለዚህ ነው በእኛ አገር አሮጌ ጌም ላይ መቆየትን ኋላቀርነት ማለት የማይዋጥልኝ። ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው ሰው ሒሳቡን ያውቃል። አዲስ ሲዲ ውድ ነው፣ ደንበኛው የለመደው የድሮውን ነው፣ መብራት ሲመጣ ወዲያው መሥራት አለበት። ውድድር ቢዘጋጅም በዚያው በአሮጌው ይዘጋጃል፤ የአርስላንም ሰፈር የተሳለው ፊት ለፊት ተቀምጦ በመጋጠም ነው። ችግሩ የሚመጣው ልጁ ከሰፈር አልፎ ልሂድ ሲል ነው፤ ያኔ ዓለም የሚጫወትበትን ጌም፣ ያንኑ ዕትም፣ በዚያው መሣሪያ መያዝ ግድ ይለዋል። ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ሊሳተፍበት የሚፈልገውን ውድድር ደንብ ያንብብ፤ የትኛው ዕትም፣ የትኛው ኮንሶል እንደሆነ እዚያ ተጽፏል።

አቅሙ ስልክ ብቻ ለሆነ ልጅ ኢፉትቦል አንድ በር አለው። ነፃ ነው፤ ፊፋ በ2024 ከኮናሚ ጋር ባደረገው የዓለም ዋንጫም በስልክ የሚጫወቱት የራሳቸው ምድብ ነበራቸው። አንድ ነገር ግን ይወቅ። ስልክ ላይ "የዓምናው ይሻላል" ብሎ የዓምናውን መጫወት የለም። ማሻሻያው ሲመጣ ያው ጌም ራሱ ይቀየራል፤ ካላዘመንከው አያስገባህም። እሱን ለማዘመን ደግሞ ስልኩ ላይ ባዶ ቦታ መኖር አለበት፤ የውድድር ማግስት ሳይሆን የውድድር ዋዜማ ላይ።